ጨንቻን የማትወጣው ፔጆ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ ለባርኮት ኦይታ፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ካለህበት ይድረስልኝ፤

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ሱቁስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጉልበቴ ቀድሞ ከሚነግረኝ ወሬ በቀር ደህና ነኝ። እህትህ አቢጋኤልም ደህና ናት። ዘንድሮም የምታስተምረው ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ማታ ስትገባ ድምፅዋ አልቆ በእጅ ነው የምታናግረን። አባትህም ደህና ነው። የአባትህ ደህንነት ግን በአንድ መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ይኼን ሁሉ ወረቀት የያዝኩት።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። የስልካችንን ጠባይ ግን ታውቀዋለህ። እኔና አንተ ስናወራ እንደ ኩልፎ ውኃ ዝም ብሎ ይፈሳል፤ "ቆይ አባትህን ላገናኝህ" ያልኩ እንደሆነ ይቆረጣል። ስለዚህ ካሚል፣ የጓደኛህ የሳላዲን ወንድም፣ ወደ እናንተ አገር ሊመጣ ነው ሲባል ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። ደብዳቤ ኔትወርክ አይፈልግም።

ካሚል የሚያደርስልህ ዕቃ ውስጥ ዳጣ አለ። በርበሬውን በደንብ አብዝቼበታለሁ፤ እንጀራ ባታገኝም በዳቦ ብላው። ከዳጣው ሥር ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ ሌላ ነገር አለ። እሱን አሁን እንዳትፈታው። መጀመሪያ አንብብ።

ነገሩ የፔጆዋ ነው። አዎ፣ እስካሁን አለች። "ያቺን ቆርቆሮ ገና አልጣላችኋትም?" ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። አባትህ ከእርሻ ልማቱ ጡረታ ሲወጣ እሷም አብራው የምትወጣ መስሎን ነበር፤ እሱ ግን ገና ሙሽራ ናት ይላል። ጠዋት ጠዋት ከኩልፎ ዳር ሙዝ ጭና ሲቀላ ገበያ ታደርሳለች። የግራ በሯ የሚዘጋው በገመድ ነው። የቤንዚን መጠን የምታሳየው መርፌ ከሞተች ስለቆየች፣ ዛሬም ቤንዚን የምንለካው ሰልባትዮው ውስጥ እንጨት ነክረን ነው። የሰልባትዮውን ክዳን ደግሞ ዓምና ገበያ ቆማ ሳለ ሰው ፈቶ ወሰደባት። ከዚያ ወዲህ አባትህ አፉን በጨርቅ ወትፎ ነበር የሚነዳት። ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ ብዬ ስነጫነጭ፣ "ታዲያ መኪና ምን እንዲሸት ፈለግሽ?" ይለኛል።

መስከረም እንደገባ ከአባትህ አገር ከዶኮ፣ ከጨንቻ አጠገብ፣ አፕል ይዞ ለገበያ የወረደ አንድ ሰው ቤታችን መጣ። የላከው አጎትህ ዳልጮ ነው። "ለመስቀል ና። አብረን እንብላ። የሚቀጥለውን መስቀል የማየው አይመስለኝም" ብሏል።

ጠባቸውን ታስታውሳለህ፤ ያኔ አንተ ስምንተኛ ክፍል ነበርክ። ወንዱ አያትህ በሞቱ በዓመቱ ዳልጮ ከጓሮ ያለውን እንሰት ነቅሎ አፕል ተከለበት። እንሰቱን በእጃቸው ተክለው ያሳደጉት ሴቷ አያትህ ነበሩ። አባትህ ያን ሲያይ ዱቡሻ ላይ፣ የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ በተቀመጠበት፣ "የእናታችንን እጅ ቆረጥክ" አለው። ዳልጮም መለሰ፣ "ከተማ የወረደ ሰው ስለ እንሰት ምን አገባው?" አለው። ከዚያ አባትህ "ዳግመኛ እግሬ ግቢህን ቢረግጥ!" ብሎ ማለ። መሐላ ኃጢአት ነው እያለ እኛን ሲቆጣ የኖረው ጴንጤ ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ማለ።

የጋሞን ደንብ አንተ አትረሳውም። የተጣላ ወንድማማች የመስቀልን ሥጋ አብሮ አይቆርጥም፤ መጀመሪያ ይታረቃል፣ ከዚያ ይበላል። ታላቅ ወንድም "ና እንብላ" ካለ "እንታረቅ" ማለቱ ነው። ዳልጮ ደግሞ ታላቅ ሆኖ ቀድሞ ላከ። ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

አባትህ መልእክቱን ሰምቶ፣ "እኔ መስቀል አላከብርም" አለ።

"አታክብር። ሂድና ብላ ብቻ" አልኩት።

በማግስቱ ግን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እንጨት ሲጠርብ አገኘሁት። ለሰልባትዮው አፍ ውታፍ እየሠራ ነው። የጠረበውን እንጨት በአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ ጠቀለለው፣ በላዩ ላስቲክ አሰረበት፣ አፉ ላይ ገጥሞ በመዶሻ መታው። "የጨንቻ መንገድ አቧራው ከባድ ነው፤ ቤንዚኑ ውስጥ ይገባል" አለኝ። መንገዱን አስቦ መሰናዳት ጀመረ ብዬ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! እንዲያውም እጅህ ይባረክ አልኩት።

በመስቀል ዋዜማ ሙዝና ስኳር ጭኖ ብቻውን ተነሣ። ከቀትር በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ሙዙም ስኳሩም እንዳለ ነው። ዶርዜ ሳይደርሱ ያለውን ያን ትልቁን ጥምዝ ታውቀዋለህ አይደል? እዚያ ላይ ፔጆዋ ኃይል አጣች። ቤንዚን ሲሰጣት መሮጧን ትታ እንደታነቀ ሰው ታስላለች፤ ትንፈራገጣለች፤ ከዚያ ጸጥ። ቆይቶ ሲያስነሣት ትነሣለች፤ ጥቂት ሄዳ እንደገና ትጠፋለች። በመጨረሻ አዙሮ ቁልቁል ይዟት ወረደ። ቁልቁለቱን ያለ ምንም ችግር ወረደች አለኝ።

ወደ ሳላዲን ወሰዳት። ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ከፍቷል፤ ኳስ አብራችሁ ስትራገጡ የነበረው ሳላዲን ዛሬ ቦርጭ አውጥቷል። ካንዴላዎቹን አውጥቶ ጠራረገ፣ ፊልትሮውን ቀየረ፣ ካርቡራቶሩን ፈታትቶ አጠበ። ከዚያ ሴቻ ድረስ ነድቷት ወጣ። ያን ዳገት እንደ ፍየል ወጣችለት።

"ጋሼ ኦይታ፣ መኪናዎ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ናት" ብሎ መለሰለት።

ጥቅምት ሲገባ አባትህ ሁለተኛ ሞከረ። ጠዋት ሲወጣ ሲቀላን እየዘፈነች ነው ያለፈችው። እዚያው ጥምዝ ላይ፣ እዚያው ድንጋይ አጠገብ፣ እንደገና ጠፋች። ሳላዲን በዚህን ጊዜ የቤንዚን ፓምፑን ቀየረ፤ ከተማ ውስጥ አዟዟራት፤ ምንም የለባትም። ልጁ ራሱን ሊስት ምንም አልቀረው። "አብሬዎት ልሂድና እዚያው ስትጠፋ ልያት" ቢለው አባትህ አይሆንም አለ። "አንተ ሥራ አለህ" አለው። ለእኔ ደግሞ፣ "ከፍታው ነው። ላይ አየሩ ይሳሳል፤ አሮጌ ሞተር አይችለውም" አለኝ።

"ሰው እስከ በሩ ጠቅጥቆ፣ ጣሪያው ላይ ፍየል አስሮ የሚወጣው ሚኒባስ ከየት ነው አየር የሚያገኘው?" አልኩት።

"እሱ አዲስ ነው።"

"እንግዲያው በእሱ ሂድ።"

"መኪና ያለው ሰው በሚኒባስ አይሄድም" አለኝ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ጎረቤታችን ፋንታዬ ደግሞ አጥር ላይ ተደግፋ ሁሉን ትሰማለች። "ጎሜ ነው" አለች። "ወንድሙን ያስቀየመ ሰው መንገድ አይቀናውም። በደሉ ጥምዙ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው።" አባትህ ይኼን ሲሰማ ቱግ አለ። "እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ! ጎሜ የሚባል ነገር አይነካኝም! ካርቡራቶር ነው!" ብሎ ጮኸ። እሺ፣ ካርቡራቶር ይሁን አልኩት፤ ካርቡራቶሩ ለምን የጨንቻን መንገድ ብቻ እንደሚጠላ ግን ጸልይበት። የዚያን ቀን ምሳውን ሳያነጋግረኝ በላ።

ኅዳር እንደገባ ያ አፕል ሻጭ እንደገና መጣ። አሁን አልተቀመጠም። ከበራፍ ቆሞ፣ "ዳልጮ እህል ትቷል" ብሎ ብቻ ሄደ።

አባትህ ቀኑን ሙሉ ከፔጆዋ አጠገብ ቆሞ ዋለ። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያን ጀርባውን ሳይ፣ ልጄ፣ ልቤ ተሰበረ። ክፉ ሰው አይደለም። የሚወደውን ነገር እንዴት እንደሚይዝ የማያውቅ ሰው ነው። "ነገ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ" አልኩት። ጉልበትሽ አለ፣ ብርዱ አለ፣ ቤቱን ማን ይጠብቃል አለ። በነጋው ሻሼን አስሬ ገባሁና በሩን በገመዱ አሰርኩት። ምን ያድርግ? አስነሣት።

ሶዶ መንገድ ላይ ደህና ሄደች። ወደ ጨንቻ ተገንጥለን መውጣት ስንጀምር ዝናብ ያዘን። ሙዙ ከኋላችን ቀረ፣ ቀርከሃው መጣ፣ ብርዱ በገመድ ከታሰረው በር በኩል ገባ። እኔ ጸሎት ላይ ነኝ፤ አባትህ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል። ትልቁ ጥምዝ ሲቃረብ ፔጆዋ ማሳል ጀመረች። ቤንዚን ሰጣት፤ ታፈነች። ጨመረላት፤ ባሰባት። ከዚያም ያ ድንጋይ አጠገብ ስትደርስ ጠፋች።

"አየሽ? አላልኩሽም?" አለኝ።

ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዘመን ኖሬያለሁ፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም። እፎይ ያለ ሰው ድምፅ ነበር።

እኔ ወርጄ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ደገፍኩ። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ጭንቅላቱን ውስጥ ቀበረ። ምናልባት ቤንዚኑ አልቆ ይሆን ብዬ ከአጥር ላይ ቀጭን እንጨት ሰበርኩና ልለካ ወደ ሰልባትዮው ሄድኩ። ውታፉን ሳብኩት፤ እንቢ አለ። በአንድ እጅ ሳብኩት፣ በሁለት እጅ ሳብኩት። ከውስጥ የሚይዘው ሰው ያለ ይመስል ነበር። እግሬን ጎማው ላይ አስደግፌ በሙሉ ኃይሌ ስጎትተው ወጣ፤ ሲወጣም ሰልባትዮው "ህእእእ" ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ረጅም ትንፋሽ። ከውኃ ውስጥ የወጣ ሰው እንደሚተነፍሰው ነበር።

ልጄ፣ እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን አንተን ያሳደግኩት ዘይት በችርቻሮ ሸጬ ነው። ቆርቆሮ ዘይት አንድ ቀዳዳ ብቻ ብትበሳለት አይወርድም፤ ትንሽ ጉልቅ ጉልቅ ይልና ያቆማል። በሌላ በኩል አየር የሚገባበት ሁለተኛ ቀዳዳ ትበሳለታለህ፣ ያኔ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንተም ሕፃን ሆነህ በምስማር ስትበሳልኝ ነበር። ሰልባትዮው አየር አጥቶ ነው። ሞተሩ ቤንዚን ይስባል፤ ውታፉ ድፍን ስለሆነ በምትኩ አየር አይገባም፤ ትንሽ እንደሄደች ቤንዚኑ መምጣት ያቆማል። ከተማ ውስጥ ቅርብ ለቅርብ ስትሄድ አይታወቅባትም።

ውታፉን ይዤ ቀና ስል አባትህ ከኮፈኑ በላይ እያየኝ ነው። እኔም አየሁት። ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት የእርሻ ልማቱን ከባድ መኪና የነዳ ሾፌር ነው። ዝናቡ ከባርኔጣው ጠርዝ በአፍንጫው ላይ ይንጠባጠባል፤ ሁለታችንም እስከ ቁርጭምጭሚታችን ጭቃ ውስጥ ቆመናል።

"አቧራ እንዳይገባ ብዬ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

ውታፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሻሼን ከራሴ ፈትቼ የሰልባትዮውን አፍ ላላ አድርጌ አሰርኩበት። "በል አስነሣት" አልኩት። ገባ፤ ቁልፉን አዞረ፤ አንዴ አጓርታ ተነሣች። ጥርት ያለ ድምፅ። አባትህ ግን ማርሽ አላስገባም። ሁለቱን እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

"ዘሪቱ" አለኝ፤ "ምን እለዋለሁ?"

ለካ ይኼ ነበር። ስንት ዓመት ቂም ነው ስንል፣ እልህ ነው ስንል፣ ፍርሃት ኖሯል። ትከሻውን ያዝኩት።

"ምንም አትበለው። ደርሰህ ውረድ ብቻ።"

ጥምዙን ዞርን። ዶርዜን አለፍን። አንዴም አላሳለችም።

የዳልጮ ግቢ ስንደርስ አፕሎቹ አድገው አጥሩን በልጠዋል። በአፕሎቹ መካከል ግን፣ ልጄ፣ እንሰት ተተክሏል፤ ገና ለጋ እንሰት፣ ቅጠሉ ዝናብ ያዘለ። አባትህ አየውና ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሣር ነጨ፤ በሁለት እጁ ይዞ ወደ በሩ ሄደ። ሣር ይዞ የመጣን ሰው እንቢ ማለት በጋሞ ምድር እንደማይቻል ታውቃለህ። የአባቶች ነገር ትቻለሁ የሚለው አባትህ፣ ሲጨንቀው እጁ የአባቶቹን አላጣም። እኔ ከኋላው ሆኜ ሳላስበው ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ዳልጮ ከእሳቱ አጠገብ ጋቢ ለብሶ ተኝቷል። ያ ግዙፍ ሰው ስንጥር አክሏል። ባለቤቱ ሻሺቱ ልትደግፈው ስትነሣ እጁን አወናጭፎ ከለከላትና ራሱ በክርኑ ተነሣ። አባትህ ሣሩን እንደያዘ ከደጃፉ ቆሟል።

ዳልጮ ነው የተናገረው፤ በጋሞኛ፣ ቀስ ብሎ። "ሣሩን አስቀምጠው፣ ኦይታ። እኔ ከታች ጀምሮ ስሰማህ ነበር።"

"ምኑን?" አለ አባትህ።

"የዚያችን ሞተር ድምፅ የማላውቅ መሰለህ? ለመስቀል መጣህ። ገደሉ ድምፅ ሽቅብ ያመጣል፤ ከዚያ ከታች ካለው ጥምዝ ላይ ሰማኋት፤ 'ሻሺቱ፣ ወንድሜ መጥቷል፣ ሥጋውን አትቁረጡ' አልኳት። ከዚያ ጠፋች። ጠበቅን። ኋላ ወደ ታች ስትወርድ ሰማሁ። በጥቅምትም መጣህ፤ እዚያው ጠፋች፤ ወረደች። ልጆቹ መኪናው ተበላሽቶ ነው ይሉኛል። እኔም አዎ፣ መኪናው ነው እላቸዋለሁ። ዛሬም ስትጠፋ ሰምቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።"

አባትህ በጉልበቱ ተንበረከከ። ይቅርታ አላለም፤ ዳልጮም አላለም። ግንባር ለግንባር ገጥመው ተያያዙና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሻሺቱ ደግሞ ከቆጡ ላይ አንድ ቅርጫት አወረደች። የአባትህ የመስቀል ድርሻ ነው፤ ቋንጣ አድርገው አስቀምጠውለታል። ዳልጮ የቤቱ ሰው እንዳይነካው ከልክሎ ነበር። በቆጮ አቀረበችልን። እህል የተወው ሰው ከወንድሙ እጅ ጎረሰ፤ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ አንድ ደግሞ።

ጎርሶ ሲጨርስ፣ "ያ ሳጥን መኪናህ እዚህ ድረስ ወጣ?" ብሎ ጠየቀ።

"ወጣ" አለ አባትህ። "ሴት ናት የጠገነችው።" ያኔ ሳቁ።

ዳልጮ ድኗል አልልህም፤ አልዳነም። ግን ይበላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደጅ ያወጡታል። አንተን ጠየቀኝ። "ያ ያልበሰለ ኮክ እየሰረቀ ሆዱን የሚታመመው ልጅስ?" አለኝ። ደህና ነው፣ ትልቅ ሱቅ አለው አልኩት። "ሱቁን አልጠየቅኩሽም" አለኝ። አባትህ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ ይዞ ይወጣል። ሳላዲን ከወዳደቀ ዕቃ መካከል እውነተኛ ክዳን ፈልጎ ገጠመላት፤ አናቱ ላይ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አለችው። ስለ ውታፉ ስነግረው፣ "የምን ውታፍ? እኔ ጋ በመጣች ቁጥር አፏ ላይ የነበረው ጨርቅ ነው" አለኝ። ውታፉ ለጨንቻ ብቻ ኖሯል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ለአባትህ ይኼን አልነገርኩትም፤ አንተም አትንገረው።

አሁን ስለ አንተ ላውራ። ኮሌጁን ትተህ በሞያሌ በኩል ስትሄድ አባትህን ሳትሰናበት፣ የእሱንም ምርቃት ሳትቀበል እንደሄድክ አንተም ታውቃለህ፣ እሱም ያውቃል። ለምን እንዳደረግከው አልጠይቅህም። እሱ ሊቆጣህ ይችል ነበር፤ ቢቆጣህ ኖሮ ያልፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ልመጣ ነው ትለኛለህ። አንዴ ወረቀቱ አላለቀም፤ አንዴ ሱቁን የሚይዝልህ ሰው የለም፤ አንዴ መንገዱ ጥሩ አይደለም። ሁሉም እውነት ነው። አንዳቸውንም ውሸት ነው አላልኩም። እኔ ግን የእናት ጆሮ አለኝና፣ ዘንድሮ አልመጣም ስትለኝ ድምፅህ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

አንድ የማታየውን ነገር ልንገርህ። ስልኩ ሲጮህና አንተ መሆንህን ሲያውቅ አባትህ ወንበሩን ወደ እኔ ያስጠጋል። ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ ያዳምጣል። እኔ "ቆይ አባትህን ላገናኝህ" ስል ጋዜጣውን አጥፎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሲቆረጥ "ኔትወርክ ነው" ይልና ተነሥቶ ወደ ፔጆዋ ይሄዳል። ሁልጊዜ ኔትወርክ ነው ይላል። በእኔ ፊት ለአንተ የሚከላከልልህ እሱ ነው።

ባለፈው ሰንበት ከዶኮ ሲመለስ ቦርሳዬን እያየ፣ "ያቺን ውታፍ የት አደረግሻት?" አለኝ። አለች አልኩት። አውጥቼ ሰጠሁት። እጁ ላይ አገላበጣት፤ አሸተታት፤ በመዶሻ የመታበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ መልሶ ሰጠኝ።

"ለባርኮት ላኪለት" አለኝ።

ስምህን ከአፉ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው። "ልጅሽ" ነበር የሚለኝ።

"ምን ብዬ ልላክለት?" አልኩት።

"ምንም አትበይው። እሱም የእኔ ልጅ ነው፤ ያውቃታል።"

አሁን ላስቲኩን ፍታው።

የአባቶችህ አምላክ መውጫህንና መግቢያህን ይጠብቅ። በሰው አገር ሰው ይሁንልህ። በገባህበት ሁሉ በር ይከፈትልህ፤ ከሁሉ ይልቅ የእኛ። ምን እለዋለሁ ብለህ ከሆነ የምታስበው፣ ለእሱ ያልኩትን ለአንተም እላለሁ፤ ደርሰህ ውረድ ብቻ። ስትመጣ በስልክ ባትነግረንም ግድ የለም። አባትህ ዓይኑ ደክሟል እንጂ ጆሮው ገና ደህና ነው።

እናትህ
ዘሪቱ